128ቱ የት ገቡ?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ረጅም ነው። ቆረጥ ቆረጥ አድርጌ ላቅርበው።

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? በባዮሎጂ ተመርቄ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ከተቀመጥኩ በኋላ፣ ለገጣፎ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ተቀጠርኩ። መዝገቡን ወደ ኤክሴል የምገለብጠው እኔ ነኝ። በቅርቡ የክሊኒኩ ባለቤት የስኳር ታካሚዎቻችንን መረጃ ሰብስቤ ክትትላችን ውጤታማ መሆኑን የሚያሳይ ጥናት እንድሠራ አዘዘኝ። ለማስታወቂያና ለባንክ ብድር ይፈልገዋል። በሁለት ዓመት ውስጥ 212 ሰው የስኳር ካርድ አውጥቷል። ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የተመላለሱት 84 ናቸው። ከነሱ 67ቱ ስኳራቸው ከመጀመሪያው ቀን ወርዷል። ኤክሴሉን በቴሌግራም ስልክለት ‹በቃ፣ 80 በመቶ ታካሚዎቻችን ተሻሽለዋል ብለሽ ጻፊ፣ ቆንጆ ግራፍም አድርጊበት› አለኝ። ውሸት አይደለም። ግን ውስጤ እምቢ አለኝ። ልቃወም ብል ደግሞ ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ።

ሌላው አጎቴ ነው። ሰንዳፋ ሰባት ላሞች አሉት። ጥቅምት ላይ አዲስ የተዘጋጀ መኖ ጀመረና ወተቱ በቀን ከ52 ወደ 61 ሊትር ወጣ። አሁን ተበድሮ የስድስት ወር መኖ ሊገዛ ነው። ‹አንቺ ዳታ ታውቂ የለ፣ ያዋጣኛል?› ይለኛል። ምን ልበለው?

በመጨረሻ፣ መሀል ከተማ አንድ ማሠልጠኛ በ38 ሺህ ብር የሦስት ወር የዳታ ሳይንስ ኮርስ ይሰጣል። እቁቤ ሲወጣልኝ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ? ሰ. ከለገጣፎ»

እህቴ ሰ.፣

ውስጥሽ እምቢ ያለው በከንቱ አይደለም፤ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን በአንድ ነገር ልቆጣሽ። ስም፣ ስልክና የስኳር መጠን ያለበት ፋይል በቴሌግራም ላክሽ? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ቆየ እኮ። የጤና መረጃ ደግሞ ከሌላው በጥብቅ እንዲያዝ ከሚባለው ውስጥ ነው። አዋጁ ይቅር፣ ሰዎቹ የሰፈርሽ ሰዎች ናቸው። የእገሊት ስኳር 310 መሆኑ ለእድር ወሬ እንዲሆን ማን ይፈልጋል? ዛሬውኑ ለሥራሽ የሚሆን ሌላ ፋይል አዘጋጂ። ስምና ስልኩን አውጪ፤ በካርድ ቁጥሩ ምትክ የራስሽን ተራ ቁጥር ስጪ። ተራ ቁጥሩን ከስሙ ጋር የሚያገናኘው ወረቀት እዚያው ክሊኒኩ ተቆልፎበት ይቀመጥ። አበቃሁ፤ ቁጣዬ ወጣልኝ።

ወደ 80 በመቶው እንምጣ። 67ን ለ84 ስታካፍዪ 80 መምጣቱ ልክ ነው። ጣጣው የተካፈለበት ቁጥር ላይ ነው። ካርድ ያወጣው 212 ሰው ነው። 84ቱን ብትቀንሺ 128 ይቀራል። እነዚህ የት ገቡ? ተሽሏቸው ቀሩ? ብሶባቸው ትልቅ ሆስፒታል ሄዱ? አረፉ? አንቺም አታውቂም፣ አለቃሽም አያውቅም። እስቲ ክፉ ክፉውን እናስብና 128ቱም አልተሻሻሉም እንበል። የተሻሻሉት 67 ከ212 ይሆናሉ፤ 32 በመቶ ማለት ነው። ደግ ደጉን እናስብና ሁሉም ተሻሽለዋል ብንል ደግሞ 195 ከ212 ይሆናል፤ 92 በመቶ። መዝገብሽ በሐቅ መናገር የሚችለው «ከ32 እስከ 92 በመቶ መሀል የሆነ ቦታ» ብቻ ነው። ለባነር አይሆንም፤ አውቃለሁ።

የሚመላለሰውና የቀረው ደግሞ አንድ ዓይነት ሰው አይደለም። የሚመላለሰው ቤቱ ቅርብ የሆነ ነው፣ ለምርመራ የሚከፍለው ያለው ነው፣ ወይም መድኃኒቱ የተስማማው ነው። ዳር አገር ለምትኖር ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ክረምት ሲገባ የውስጥ ለውስጡ መንገድ ባጃጅ አያስገባም። ተከራይ ኪራይ ሲጨመርበት ዕቃውን ጠቅልሎ ከለገጣፎ ኮዬ ፈጬ ይገባል። ጸበል የገባም አለ፤ ሲም ካርዱን የቀየረም አለ። ስለዚህ «የቀሩትም እንደ መጡት ናቸው» ብለሽ ማለፍ አትችዪም።

የ67ቱም መውረድ ራሱ ሙሉ በሙሉ የክሊኒኩ ሥራ ነው ማለት ይከብዳል። ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው ሲብስበት ነው። ውኃ ጥሙ ሲበረታ፣ ሌሊት ሽንት ሲያመላልሰው፣ ዓይኑ ሲደበዝዝ። ያን ቀን ስትለኪው ቁጥሩ ጣራ ነክቷል። በሚቀጥለው ጊዜ ምንም ሳታደርጉለት እንኳ ዝቅ የማለት ዕድሉ ሰፊ ነው። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1886 የወላጆችንና የልጆችን ቁመት ሲያወዳድር ያየው ይሄንኑ ነው። በጣም የረዘሙ ወላጆች ልጆች ረጅም ናቸው፣ ግን በአማካይ እንደ ወላጆቻቸው አይደሉም። ወደ አማካዩ መመለስ ይሉታል። አጎትሽም ቤት እንገናኘዋለን።

እኔን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን መዝገባችሁ ላይ ያለው «ስኳር» የሚለው ዓምድ ነው። አንድ ዓምድ ብቻ ነው? በባዶ ሆድ የተለካው ከምግብ በኋላ ከተለካው ተለይቷል? በባዶ ሆድ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ ይጠረጠራል። በማንኛውም ሰዓት የተወሰደ ደም ከሆነ መስፈሪያው 200 ነው። እንግዲህ መዝገቡ ላይ «170» የሚል ቁጥር ብቻውን ቢቀመጥ ምን ትያለሽ? ምንም።

«ዓምዱ ተለይቷል» ካልሽኝም ገና አልጨረስኩም። አንድ ጊዜ እንደናንተው ያለ ክሊኒክ ወረፋ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ግማሽ ቀን ተቀምጬ አዳመጥኩ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ነርሷ አንዲት እናት ፊት እስክሪብቶዋን አንስታ «እማማ፣ ጾመው ነው የመጡት?» አለቻቸው። «አዎ ልጄ! እንዴታ፣ ጾም ይዤ!» አሉ። ነርሷ «በባዶ ሆድ» የሚለው ላይ ራይት አደረገች። ሲወጡ ጠጋ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ስለሚያማቸው የንስሐ አባታቸው ጠዋት ትንሽ እንዲቀምሱ ፈቅደውላቸዋል። ዳቦ በሻይ በልተው ነበር የመጡት። ሥጋና ወተት በአፋቸው አልዞረም። አልዋሹም። ነርሷም አልተሳሳተችም። «ጾም» የሚለው ቃል ነው ሁለቱን ያልተገናኙ ሰዎች ያገናኘ የመሰለው። ደግሞ በዚያው ሰሞን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ ሰው በስምንት ሰዓት መጥቶ ሲለካ፣ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ብቻ «ከምግብ በኋላ» ተብሎ ይጻፍለታል። 55 ቀን ሙሉ መዝገቡ እንዲህ ሲደበላለቅ ይከርማል። አንቺ ደግሞ ኤክሴል ላይ አማካይ ትሠሪያለሽ።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ጥያቄውን መቀየር። «መጨረሻ ምግብ የቀመሱት ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ተብሎ ይጠየቅ፤ ሰዓቱ ይጻፍ። ከቀመሱ ወዲህ ስምንት ሰዓትና ከዚያ በላይ ካለፈ ባዶ ሆድ ነው፤ የሚወስነው ሰዓቱ እንጂ «አዎ» የሚለው መልስ አይሁን። ሰዓቱ በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ ተስማሙ። የስኳር መለኪያዋ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጅ ሰዓት ነው የምትሞላው፤ ነርሷ «3:00» ብላ የምትጽፈው ግን የጠዋቱን ሦስት ነው። አቅሙ ካለ ደግሞ «የሦስት ወር ስኳር» የሚባለውን ምርመራ ለተወሰኑት ማሠራት ነው። ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ስለሚያሳይ ጠዋት ዳቦ ተበላ አልተበላ ግድ አይሰጠውም።

ይሄን ሁሉ የማወራሽ ብልጥ ስለነበርኩ አይምሰልሽ። ከዓመታት በፊት በከተማው ዳርቻ ለአንድ ጤና ጣቢያ የታይፎይድ ቁጥር እንድመረምር ተጠርቼ ነበር። ሰፈሩ አዲስ የቧንቧ ውኃ ገብቶለታል። ወር በወር ቁጥሩን ደረደርኩት፤ ውኃው ከገባ በኋላ ከግማሽ በታች ወረደ። ግራፉን በሰማያዊና በቀይ አሳምሬ አቀረብኩ። አጨበጨቡ። መጨረሻ ላይ ከኋላ የተቀመጠች የላብራቶሪ ባለሙያ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ እነዚያን ሦስት ወራት እኮ የመመርመሪያ ኪት አልነበረንም።» በቃ። ኪቱ ሲያልቅ በሽታውም በወረቀት ላይ አብሮ አለቀ። ኪቱ በነበረበት ጊዜም ቢሆን ዋይዳል የሚባለው ምርመራ ብቻውን የሚታመን አይደለም። ድሮ የታመመን ወይም ሌላ ትኩሳት ያለበትንም «ታይፎይድ አለብህ» ሊል ይችላል። በሰፈራችን ሁሉም ሰው በሆነ ጊዜ «ታይፎይድና ታይፈስ» የተባለው በዚህም ጭምር ይመስለኛል። የዚያን ቀን ላቤ እንዴት እንደወረደ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ የቁጥር ሠንጠረዥ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይሄ ቁጥር የት ተወለደ? ማን ጻፈው? ምን ጠይቆ? በምን ለክቶ?

ባዮሎጂ ስለተማርሽ ዶክተር አክሊሉ ለማን ታውቂያቸዋለሽ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ ሊያጠኑ ሄደው ወንዝ ዳር ቆሙ። ሴቶቹ በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከነሱ በታች ባለው ውኃ ላይ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈዋል። ከላይ በኩል ያሉት ግን ደህና ናቸው። ላብራቶሪው፣ ልኬቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር የተሸለሙት ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት፣ ሁሉም ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። (በኋላ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የውኃ ቱቦ የሚደፍን የሙሰል ዝርያን ለመግደል ብሎ ፓተንት አወጣበት፤ እሱ ሌላ የሚያናድድ ታሪክ ነው።) ያንቺ ወንዝ ዳር የክሊኒኩ መዝገብ ነው። አግዳሚው ላይ አንድ ጠዋት ተቀመጪና አዳምጪ። ለዚህ 38 ሺህ ብር አይጠየቅም።

ቁጥሩን መንካት ከመጀመርሽ በፊት ደግሞ 212ቱ በእርግጥ 212 ሰው መሆናቸውን አረጋግጪ። ካርድ የጠፋበት ሰው አዲስ ካርድ ያወጣል። አንዷ ጸሐፊ «ኃይሉ» ትላለች፣ ሌላዋ «ሀይሉ»፣ ሦስተኛዋ «ሃይሉ»። ለኤክሴል እነዚህ ሦስት ሰዎች ናቸው። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፣ «ዓለሙ» እና «አለሙ» እንደዚያው። ዝርዝሩን በስልክ ቁጥር ደርድሪው፤ አንድ ስልክ ሁለት ስም ላይ ሲመጣ ካርዶቹን አውጥተሽ እያቸው። ባልና ሚስት ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንድ ሰውም ሊሆን ይችላል። ከጠፉት 128 ውስጥ የተወሰኑት በሌላ ፊደል ተጽፈው ከ84ቱ መሀል ቁጭ ብለው ብታገኚያቸው አይግረምሽ።

ቀኑም ሌላ ወጥመድ ነው። ኤክሴል የኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። የካቲት 12 ቀን 2016ን «12/6/2016» ብለሽ ብታስገቢ፣ እንደ ኮምፒውተሩ አቀማመጥ ወይ የፈረንጆቹ ሰኔ 12 ወይ ዲሴምበር 6 አድርጎ ይወስደዋል። ጥቅምት 30 ቀን 2016ን «30/2/2016» ስትዪው ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል፤ ስትደረድሪው ከሌሎቹ ተነጥሎ ሌላ ጥግ ይገባል። ጳጉሜን 3ን በአሜሪካ አቀማመጥ «3/13» ብለሽ ብትጽፊ ደግሞ ማርች 13 አድርጎት ቁጭ ይላል፤ ድምፁንም አያሰማ። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ጻፊ። መቀየር ካስፈለገ በኋላ በአንድ ጊዜ ትቀይሪዋለሽ። በዚህ ነገር የተታለልነው እኛ ብቻ አይደለንም። የሰው ጂኖች ተመራማሪዎች «ማርች ዋን»ና «ሴፕት ዋን» የሚባሉ ጂኖችን ኤክሴል ወደ ቀን እየቀየረባቸው ለዓመታት ተሰቃይተዋል። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2020 ስም አውጪው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የጂኖቹን ስም ቀየረ። ያኔ ኤክሴል አልታረመም፣ ጂኑ ነው የታረመው።

አሁን አለቃሽ። «ይሄ ሳይንስ አይደለም» ብለሽ እንዳትገቢበት። ሰውየው ነጋዴ ነው፤ በገንዘብ ቋንቋ አናግሪው። አንድ ገጽ ወረቀት ውሰጂ። ላይኛው ላይ «ከሚመላለሱት 84 ውስጥ የ67ቱ ስኳር ወርዷል» ብለሽ ጻፊ። ይሄ እውነት ነው፣ እሱም ደስ ይለዋል። ከሥሩ «128 ታካሚ ሦስት ጊዜ ሳይመላለስ ቀርቷል» በዪ። ከዚያ አንድ ታካሚ በዓመት ለምርመራና ለካርድ ስንት እንደሚከፍል በ128 አባዢለት። ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ላይ ነው። ለሐኪሙ የጠፋ ታካሚ፣ ለነጋዴው የጠፋ ደንበኛ ነው፤ ቁጥሩ አንድ ነው። ባንክም ቢሆን ብር የሚያበድረው ግራፍ አይቶ አይመስለኝም። «ሰው ይመለሳል ወይ?» ብሎ ቢጠይቀው ምን ሊመልስ ነው?

ቀጥሎ «ከነዚህ ውስጥ 40ውን ደውዬ ለምን እንደቀሩ ልጠይቅ» ብለሽ ፍቃድ ጠይቂ። ሁሉንም መደወል አይጠበቅብሽም። ግን ስልካቸው የሚሠራላቸውን፣ የምታውቂያቸውን ወይም ደግ የሚመስሉትን መርጠሽ እንዳትደውዪ። እንደ እቁብ አድርጊው። 128 ቁጥር ቁርጥራጭ ወረቀት ላይ ጻፊ፣ ጠቅልዪ፣ በጥብጪ፣ 40 አውጪ። እቁብ ላይ ሰብሳቢው ዕጣውን እየመረጠ ቢያወጣ ጠብ ይነሣል አይደል? እዚህም ያው ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ስልክ ካላነሣ ደግሞ በሌላ ሰው አትተኪው። አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ማታ፣ አንዴ እሁድ ሞክሪ። ካልተገኘ «አልተገኘም» ብለሽ ጻፊው፤ እሱም መልስ ነው። ሌላ ሰው ስልኩን ቢያነሣ «የስኳር ክትትላቸው» ብለሽ እንዳትጀምሪ። ባልየው ለሚስቱ ያልነገራት ሊሆን ይችላል። ታካሚውን ራሱን ጠይቂ፤ ከሌለ በኋላ ደውዪ። ይሄ ክሊኒኩ ታካሚውን የሚከታተልበት ሥራ ነው። በመጽሔት አሳትማለሁ ካልሽ ግን ከመደወልሽ በፊት የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልግሻል።

«ባይሰማኝስ?» ትዪ ይሆናል። ያኔ «84» የሚለው ቁጥር ከ«80 በመቶ» ጎን እንዲጻፍ ብቻ ተሟገቺ። «ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከተመላለሱ 84 ታካሚዎች» የምትለዋ አንድ መስመር ካለች ጽሑፉ አላሳሳተም። እሷን አውጪያት ካለሽ ስምሽ ጥናቱ ላይ አይግባ። ሥራሽን ልቀቂ አልልሽም፤ የቤት ኪራይሽን የምከፍለው እኔ አይደለሁም።

ወደ ሰንዳፋ እንውጣ። አጎትሽን ሰላም በዪልኝ፣ ብድሩንም ለጊዜው ይያዘው። ከ52 ወደ 61 ሊትር መውጣቱን አልጠራጠርም። ግን ጥቅምት ነው! ዝናቡ አልፎ ሣሩ ለምለም ነው፤ ድርቆሹ ትኩስ የታጨደ ነው። ደግሞ ልጠይቅሽ፣ መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ የወለደች ላም አለች? ላም ከወለደች ጀምሮ እስከ 6 ወይም 8 ሳምንት ድረስ ወተቷ እየጨመረ ይሄዳል። ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሁለት ላም በዚያ ሰሞን ወልደው ከሆነ ዘጠኙን ሊትር ያለ ምንም አዲስ መኖ ሊያመጡት ይችላሉ። አጎትሽ መኖውን የሞከረውስ ወተቱ ቀንሶ ሲያሳስበው ይሆን? ከሆነ የጋልተን ነገር እዚህም መጣ። ወርዶ የነበረው በራሱም ይመለሳል።

መፈተኛው ቀላል ነው፤ ትንሽ ደብተር መያዝ ይጠይቃል። የነጠፈች ላም ካለች ተዪያት። የሚታለቡት ስድስት ናቸው እንበል። በወለዱበት ጊዜ የሚቀራረቡትን ሁለት ሁለት አድርገሽ አጣምሪ። ለእያንዳንዷ ጥንድ ሳንቲም ወርውሩ፤ አንዷ አዲሱን መኖ፣ አንዷ የድሮውን ፍሩሽካና ፋጉሎ ትብላ። ድርቆሹ ለሁሉም እኩል ይሁን። መኖ ሲቀየር ቀስ በቀስ ነውና የመጀመሪያውን ሳምንት አትቁጠሩት፤ ከዚያ ሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ የእያንዳንዷን ላም ወተት ለየብቻ ለክታችሁ ጻፉ። ከዚያ አቀያይሯቸው። አዲሱን የበላችው ወደ ድሮው፣ የድሮውን የበላችው ወደ አዲሱ። ሁለቱም ጊዜ አዲሱን የሚበሉት ከበለጡ ነገር አለ። አብረው ከወረዱና አብረው ከወጡ የወቅቱ ጉዳይ ነው። አጎትሽ «ስድስት ላም ምን ያሳያል?» ቢልሽ፣ በጥቂት ነገር ለመፍረድ የሚያስችለውን ሒሳብ ያወጣው የቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ መሆኑን ንገሪው። ዊልያም ጎሴት ይባላል፤ ደብሊን ጊነስ ቤት ነበር የሚሠራው። ገብስና ብቅል ሲመረምር ያለው ናሙና ትንሽ ትንሽ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 ሒሳቡን ሲያሳትም ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ ስለማይፈቅድ «ስቱደንት» ብሎ ፈረመ። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ «ቲ ቴስት» ብለሽ የተማርሽው እሱ ነው። ለአጎትሽ ይሄ ከቢራ አተላ ጋር የሚያያዝ ታሪክ ስለሆነ ይገባዋል።

ሊትሩ ቢጨምርም ሥራው ገና ነው። የሚያዋጣው ሊትር ሳይሆን ብር ነው። አዲሱ መኖ ከድሮው በቀን ስንት ብር ይበልጣል? ያን ብር በቀን ለተጨመረው ሊትር አካፍዪው። የተጨመረችው አንድ ሊትር ከምትሸጥበት ዋጋ በታች ከወጣ ይግዛ። ግን በየትኛው ወር ዋጋ? የስድስት ወሩ መኖ ዐቢይ ጾም ላይ የሚደርስ ከሆነ፣ ወተቱ ሞልቶ ገዢው የሚቀንስበት ጊዜ ነው። የነቢያት ጾምም መንገዱ ላይ አለ። ያለፈውን ዓመት የሽያጭ ደብተር ካለው በወራት ሳይሆን በጾምና በፍስክ ለይተሽ ደምሪለት። ደብተር ከሌለው ወተት ሰብሳቢው ጋ ይኖራል። እነሱ ዕዳ ስለሚይዙ ደህና አድርገው ነው የሚጽፉት።

ኮርሱን አሁን አትግቢ። ሰርተፊኬት ሲቀጠሩ በር ይከፍታል የሚሉ አሉ፤ አንዳንዴም እውነት ነው። አንቺ ግን አሁን የጎደለሽ እሱ አይደለም። ኤክሴል ላይ መረጃን በየምድቡ የሚቆጥረውንና የሚደምረውን ፒቮት ሠንጠረዥ በደንብ ልመጂ፤ የምትፈልጊውን አብዛኛውን ነገር ይጨርስልሻል። ከዚያ «አር» የሚባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ጫኚ፤ በነፃ ነው። ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የሚከፈልበት የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ክራክ የተደረገ ቅጂ ከፍላሽ ላይ ገልብጠሽ የክሊኒኩ ኮምፒውተር ላይ እንዳትጭኚ አደራ፤ ቫይረሱ ከታካሚዎቹ ፋይል ጋር ነው የሚኖረው። ኮድ ሲቸግርሽ ቻትጂፒቲም ቢሆን ይጽፍልሻል። ጾም ይዤ ያሉትን እማማ ግን እሱ አያውቃቸውም። የስሞቹን ዝርዝር እንዳትሰጪውም። ከስድስት ወር በኋላ መዝገቡን ካስተካከልሽና አንድ ነገር ከጻፍሽ በኋላ ኮርሱ ካማረሽ ግቢ። ያኔ ምን እንደምትጠይቂያቸው ታውቂያለሽ። የእቁቡን ብር ለጊዜው የካርድ ክፍሉ መስኮት የሚያስገባውን ብርድ የሚከላከል ጋቢ ግዢበት፤ ለገጣፎ ኅዳር ላይ እንዴት እንደሚበርድ አውቀዋለሁ።

40ውን ከደወልሽ በኋላ ጻፊልኝ። ለምን እንደቀሩ የነገሩሽን ብቻ ሳይሆን፣ ስልኩን ያላነሡት ስንት እንደሆኑም ጨምሪበት።